ከቀብር በፊት የሚነበብ ስም

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መዞሯን አላቆመችም። ቬርና ካሊስት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አጠለቀች። ክቧ ትዞራለች። ከሥሯ «ፋይሎችዎን በማመሳሰል ላይ ነን፤ ጥቂት ይታገሡ» የሚል ጽሑፍ አለ። አሁን አራት ሰዓት ሊሆን ነው። የቬርና ትዕግሥት ግን ያለቀው ገና ሁለት ተኩል ላይ ነበር።

ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዘው ሌሊቱን ራሱን ሲያድስ አድሯል። ትናንት ዘግታው ስትወጣ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ዛሬ ስትከፍተው ስክሪኑ ላይ የማታውቀው ሐይቅና በረዶ የለበሰ ተራራ ተዘርግቶ «እንኳን ደህና መጡ» አላት፤ አሥራ አንድ ዓመት በሠራችበት ክፍል፣ በገዛ ወንበሯ ላይ። በሞቃቷ የወደብ ከተማ በግሬንቪል በረዶ የሚታየው የዓሣ ሻጮች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ደሟ መፍላት የጀመረው ከዚያ ተራራ ነው ማለት ይቻላል።

ቬርና በዚያች የወደብ ከተማ ባለ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ የሞት ማስታወቂያ አንባቢ ናት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዜናው አልቆ ኦርጋኑ ሲሰማ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ምሳ የቀረበለት ሰው ሁሉ ማንኪያውን ያስቀምጣል። የሟቹ ስም ይነበባል፤ ሰው የሚያውቀው ቅጽል ስሙ ይከተላል፤ ከዚያ የኀዘንተኞቹ ዝርዝር ይመጣል። ባለቤት፣ ልጆች፣ በብሩክሊን ያሉ፣ በቶሮንቶ ያሉ፣ የክርስትና ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ ዶሚኖ አብረው የተጫወቱ ሳይቀሩ ይጠራሉ። ልጅ ሆኖ የተጠራ ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ከቤተ ዘመድ ጋር ይሄዳል። ያልተጠራ ከሕዝቡ ጋር መንገድ ዳር ይቆማል። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፤ ሲጥሰው የታየም የለም።

የዛሬው ሟች አልባን ፍራንሲክ ናቸው። አርባ ዓመት ሚኒባስ ነድተዋል፤ ባሳቸው ግንባር ላይ «አትቸኩል» ብለው ስለጻፉ ሰውም «አትቸኩል» ሲላቸው ኖረ። ቀብራቸው ነገ ጠዋት ነው። ዘመዳቸው በሦስት አገር ስለተበተነ ጣቢያው እንደ ልማዱ የስም ዝርዝሩን ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ አስቀምጦ፣ ሁሉም ካለበት ሆኖ እንዲሞላው መግቢያውን ልኮላቸዋል። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሟቹ ወንድም ኦስበርት ከብሩክሊን ደወሉ።

«ልጅቷን ጨምሬያታለሁ» አሉ። «መደበቁ በቃን፤ እኛም አረጀን። ከጎኗ ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ። የሚጠይቅሽ ካለ እሱን አሳዪ።»

ቬርና በዓይኗ አይታዋለች። ከአምስቱ የፍራንሲክ ልጆች በታች ስድስተኛ ስም ገብቷል፤ ሼርማ ቴለስፎርድ ይላል። ከጎኑ የኦስበርት ፊርማ አለ። ማተሚያው ቀለም ስለጨረሰ «ጠዋት አትመዋለሁ» ብላ ዘግታው ወጣች። ያንን «ጠዋት» ያለችበትን አፏን ዛሬ ደጋግማ ረግማዋለች። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰኞ የተቀመጠው የፊተኛው ዝርዝር ነው፤ ልጆቹም አምስት ናቸው። የትናንቱ እዚያ ላይ፣ ክላውድ የሚሉት ቦታ ቀርቷል። እጇ አይደርስበትም።

ሼርማ ደግሞ ውጭ አለች። እንግዳ መቀበያው ውስጥ በአግዳሚው ወንበር ጫፍ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጣለች። ገበያ ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ግንባሯን ያየ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል። በአባቷ ባስ ስትሳፈር ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሒሳቧን ከፍላ «አመሰግናለሁ ሚስተር ፍራንሲክ» ብላ ነበር የምትወርደው። አጎቷ ደውለው ነግረዋታል። ገበያው ጫጫታ ስለሆነ እዚህ ሆና ልትሰማው መጣች።

የጣቢያው መሐንዲስ ዊልሞት ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ማሰራጫውን በገዛ እጁ ገጣጥሟል፤ ኮምፒውተርን ግን እንደ ክፉ አማች ነው የሚያየው። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ገባ።

«አጥፍተሽ አብርተሽዋል?»

«አራት ጊዜ።»

«እንግዲህ በአምስተኛው ይሰማ ይሆናል።»

አጠፋና አበራው። ሐይቁና ተራራው ተመልሰው መጡ። ክቧ ግን ጠፍታለች፤ በቦታዋ ኮምፒውተሩ ከዕድሳቱ ወዲህ ስለማያውቃቸው እንደገና እንዲገቡ ጠየቀ። ቬርና የይለፍ ቃሉን አስገባች። ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። ወዲያው ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ በ47 ወደሚያበቃው ስልክ የማረጋገጫ ኮድ ተልኳል ይላል።

«47 ማነው?» አለ ዊልሞት።

47 ሚስ ቲዎዶራ ናቸው። ከቬርና በፊት ሠላሳ ዓመት ሞት ሲያነቡ የኖሩት፣ ይህንንም ማከማቻ በስማቸው የከፈቱት እሳቸው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞቱ፣ ከስልካቸው ተለይተው ስለማያውቁ ልጆቻቸው ስልኩን ከመቁጠሪያቸው ጋር እጃቸው ላይ አድርገው ቀበሯቸው። ማስታወቂያውን ያነበበችው ራሷ ቬርና ናት። ቁጥራቸውን ከማከማቻው በዚያው ሳምንት መፋቅ ለጣቢያው ሰዎች ነውር መሰላቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተረሳ።

«የሚስ ቲዎዶራ ነው» አለች።

ዊልሞት ካቻቢቴውን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እንግዲያው ኮዱ ደርሷል። መካነ መቃብር ሄዶ መቀበል ነው።»

«ዊልሞት፣ አሁን ቀልድህን ይዘህ ከፊቴ ዞር በል።»

ዞር አላለም። «ሌላ መንገድ ይሞክሩ» የሚለውን ነካ። ሌላው መንገድ የሚስ ቲዎዶራ ኢሜይል ነበር። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው፤ በልጅነትዎ የሚወዱት አስተማሪ ማን ይባላሉ? ቬርናና ዊልሞት በከተማዋ የነበሩትን አስተማሪዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ሁለት ስም ሞከሩ። በሦስተኛው ስክሪኑ ቀላ። ለደኅንነትዎ ሲባል ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክሩ አለ። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አልባን ፍራንሲክ አፈር ለብሰው ሰው ከቀብር ተመልሷል።

ቬርና ኦስበርት ጋ ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለቀብሩ እየበረሩ ነው፣ የሚያርፉትም ማታ፣ ማስታወቂያው ለሁለተኛ ጊዜ ከተነበበ በኋላ ነው። ቶሮንቶ ካለችው የሟቹ የእህት ልጅ ጋ ደወለች። እሷ ፋይሉን ከፍታ ገጹን በፎቶ ብትልክላት ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ቬርና፣ እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቢኝ» አለች። «እናቴ እዚያው ናት ያለችው፤ ነገ ከባለቤቱ ጎን የምትቀመጠው እሷ ናት።» ዘጋችው።

«ታዲያ ዝም ብለሽ አንብቢያት» አለ ዊልሞት። «አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ። ብጠየቅ ምን ላሳይ? ይህን ተራራ?»

የጣቢያውን ደንብ ሁለቱም ያውቁታል። ቤተሰብ ያልፈረመበት ስም አይነበብም። የቅዳሜና እሑድ አንባቢ የነበረው ሰው አንዴ ከራሱ ጨምሮ አንብቦ፣ ጣቢያው ሳምንት ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰነበተ። ሰውዬው ዛሬ የነዳጅ ማደያ ጠባቂ ነው። ቬርናም ብትሆን በስድሳ ዓመቷ ደጃፍ ላይ ሌላ ሥራ የሚሰጣት የለም። መበለቷን ራሳቸውን እንዳትጠይቅ፣ አርባ ዓመት ያልጠሩትን ስም በቀብር ዋዜማ አንስታ ምን ልትላቸው ነው? እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሰውን ሲከለክል የሚወቀስ አለ። አሁን የሚከለክለው ግን ሐይቅና ተራራ ነው፤ በቦክስ ቢሉት እንኳ የሚሰበረው የራስ እጅ ነው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ወደ እንግዳ መቀበያው ወጣች። ሼርማ አይታት ተነሣች።

«ሚስ ቬርና፣ ችግር አለ እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ነው። አጎትሽ የጻፉት አልከፈት አለኝ። በእጄ ያለው የፊተኛው ነው።»

ሼርማ ቀሚሷን ከጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ገባኝ» አለች። «ስጠመቅ የአባቴን ስም የከለከለኝ የቄሱ መዝገብ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ የልደት ወረቀቱ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተሩ። እርስዎን አልወቅስም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲታገሉ ሰምቻለሁ።»

«ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ምን ብዬ?» አለች ሼርማ። «ልሂድ እንግዲህ፤ ዓሣዬን ለጎረቤት ነው የተውኩት።» ይህን ብላ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ጣራው ሥር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዜናውን እያሰማ ነበር።

ቬርና ስቱዲዮ ገብታ በሩን ዘጋች። የሰኞው ወረቀት በተዋሱት ቀለም ፈዘዝ ብሎ ታትሟል። ኦርጋኑ ጀመረ። ዊልሞት ከመስታወቱ ማዶ ጣቱን አነሣላት።

«የአልባን ጆሴፍ ፍራንሲክን ዕረፍት ስናስታውቅ ኀዘናችን የከበደ ነው። በይበልጥ የሚታወቁት አትቸኩል በሚለው ስም ነው።» ድምፅዋ የወትሮው ነው፤ ዝግ ያለ፣ ማንንም የማያስቀድም። ባለቤታቸውን ኡርሱላን ጠራች። «ልጆቻቸው ራውል፣ ጁድ፣ ሜሪሊን፣ ከርቲስና አንሴልማ።»

ወረቀቱ እዚያ ላይ ወደ ወንድምና እህት ያልፋል። ቬርና አላለፈችም። ያቺን ክብ አሰበች፤ ከጠዋት ጀምሮ ይቅርታ ሳትጠይቅ ስትዞርባት የዋለችውን። በዚህች ቅጽበት የተሰማት ድፍረት አይባልም፤ ንዴት ነው።

«እንዲሁም ሼርማ ቴለስፎርድ» አለች።

ዊልሞት ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቬርና ቀጥላ መቶ ምናምኑን ስም አንድም ሳትስት አነበበች። ኦርጋኑ ሲዘጋ ወረቀቱን አነሣች። ከስቱዲዮው ስትወጣ የጠረጴዛዋ ስልክ ይጮህ ነበር። ማን እንደሆነ ሳይነግሯት ታውቃለች።

«ቬርና ካሊስት» አሉ ሚስስ ኡርሱላ ፍራንሲክ። ከኋላቸው የሳህን ድምፅና የብዙ ሴቶች ንግግር ይሰማል።

«ሚስስ ፍራንሲክ፣ ሚስተር ኦስበርት ፈርመውበታል። ፋይሉ አሁን አልታይ ብሎኝ ነው እንጂ ሲያርፉ ራሳቸውን . . .»

«ስለ ኦስበርት አልጠየቅሁሽም።»

በር ሲዘጋ ተሰማ። የሴቶቹ ድምፅ ጠፋ።

«ያንን ስም አርባ ዓመት ቤቴ ውስጥ አላስጠራሁም። አንቺ ዛሬ ኩሽናዬ ድረስ አመጣሽው፤ በእህቶቹ ፊት፣ ሳህን እንደያዝኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታሽን ያዢው። ማታም ትነበባለች አይደል?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ካልፈቀዱ ግን . . .»

«ካዋረድሽኝ አይቀር በወጉ አዋርጂኝ» አሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነው፤ ሲያለቅሱ ይሁን ሲቆጡ አይለይም። «ከአንሴልማ በታች ከተትሻት። አንሴልማ የመጨረሻ ልጄ ናት። ያቺ ልጅ ስትወለድ እኔ ገና ቀለበት አላሰርኩም ነበር። ለአንዳቸውም ታናሽ ሆና አታውቅም።»

ቬርና ብዕር አነሣች። «ከራውል በፊት ልጻፋት?»

«ታዲያ ከማን በፊት?»

ከራውል ስም በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ጻፈቻት። ስልኩ አልተዘጋም። በክፍቱ በር በኩል ሼርማ ትታያታለች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዝም ያለውን ድምፅ ማጉያ አንጋጣ እያየች ነው።

«እዚያው ናት?» አሉ ሚስስ ፍራንሲክ።

«አዎን። በሩ ጋ ተቀምጣለች።»

ቬርና የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀች። «ነገ ከሣጥኑ ኋላ፣ ከራውል ፊት ትሂድ በያት» አሉና ስልኩን ዘጉት።