ከመጋረጃው ወዲህ

ታናሽ ወንድሜ የቦክስ አሠልጣኝ ነው። ሰፈሩ «ጓንቴ» ይለዋል፤ እኔ እህቱ እንኳ የቤት ስሙን ከጠራሁት ቆየሁ። የሚያሠለጥንበት አዳራሽ የሁለት ሰዎች ነው። ወዲህ እሱ፣ ወዲያ ትግል የሚያስተምረው፣ በግዝፈቱ «ድቡ» የተባለው ሰው፣ መሀል ላይ ያደፈ ሰማያዊ መጋረጃ። ወንድሜ ለተማሪዎቹ አንዲት ሕግ አለችው፤ መጋረጃውን የተሻገረ ወደ እሱ አይመለስም።

«ጓንቴ፣ ልጆችህን ላክልኝና አወዳደቅ ላስተምራቸው» ይለዋል ድቡ።

«የኔ ተማሪ አይወድቅም። ያንተዎቹ እንደ ድንች ሲንከባለሉ ነው የሚውሉት።»

«መሬት እኮ የሁላችንም ናት፣ ወንድሜ። ማንንም አትንቅም።»

እንዲህ ተሰዳድበው ሻይ አብረው ይጠጣሉ።

የወንድሜ ልጅ የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ነው ጓንት ያጠለቀችው። የቡጢ ከረጢቱን ስትመታ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ሥራዋ መድኃኒት ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ትከፍታለች። እኔ ስሰጋ አባቷ ይስቅብኝ ነበር። «እትዬ፣ ለሷ ሳይሆን ለሚመጣባት እዘኚለት።»

መጣባት። ከጀርባ ያለችው ማከማቻ፣ ልጆቼ፣ በሁለት መደርደሪያ መሀል ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ናት። ካርቶን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች አንድ ሰው ከኋላ ክንዶቿን ከጎኗ አጣብቆ ያዛት። ቡጢ ለመሰንዘር ቦታው የት አለና? ብድግ አድርጎ ወረወራት፣ የገንዘብ ሳጥኑን ቁልፍ ከኪሷ ወስዶ፣ የሚበጀውን ሰብስቦ ሄደ። ስትወድቅ እጇን ዘርግታ ነበርና አንጓዋ ተሰበረ። ድቡ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ስትወድቅ እጅህን አትዘርጋ» ነው። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም፤ ስትሰማው ነው ያደገችው። በጆሮ የገባ ግን ሰውነት ላይ አይደርስም።

አጥንቷ ጠገገ። እሷ ግን መድኃኒት ቤቱ በር ድረስ ሄዳ፣ ማከማቻዋን ስታይ ትመለሳለች። ባለቤቲቱ ደግ ናት፣ ታገሠቻት። በመጨረሻ «እስከ ሰኞ ተመለሺ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው» አለች። ምን ታድርግ፣ እሷም ሱቅ አላት።

እሑድ ወንድሜ ልጁንና እኔን አስከትሎ መጋረጃውን በገዛ እጁ ገለጠ። «አስተምርልኝ» አለው ድቡን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልለው ነበር፣ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። ድቡም አልቀለደም።

«ልጄ፣ ከኋላ እይዝሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው። በቃኝ ስትይ እለቅሻለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

እጁ ትከሻዋን ገና ሲነካ እንጨት ሆነች። ለቀቃት።

«እንደገና» አለች።

እንደገና ያው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማሁት።

«እኔ ልያዝሽ፣ የኔ እናት?» አላት አባቷ።

«ካላየሁህ አንተም እሱ ነህ፣ አባዬ።»

ድቡ ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ ሳልይዛት መላቀቅን እንዴት አድርጌ ላስተምራት?» ያ እንደ ግድግዳ የገዘፈ ሰው እጆቹን የሚያደርግበት አጣ።

ወንድሜ መጋረጃውን ጨብጦ እንደቆመ ነበር። በቦክሱ በኩል ተማሪዎቹ ከረጢት መምታታቸውን ትተዋል።

«ኑ» አላቸው። «ግቡ። መውደቅ ተማሩ።»

እርስ በርስ ተያዩ፤ ሕጉን ያውቃሉ። ከዚያ ጓንታቸውን እያወለቁ ተሻገሩ። ድቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስትወድቁ እጃችሁን አትዘርጉ» ብሎ ጀመረ፤ እነሱም እየወደቁ መንከባለል፣ እየተያዙ መላቀቅ ያዙ። አንዳንዱ ይስቃል። ወንድሜ ለአንዱም «ጎበዝ» አላለም፤ ዓይኑ ልጁ ላይ ነበር።

እሷ አንድ ወንበር ግድግዳው ድረስ ስባ፣ ጀርባዋን አጣብቃ ታያቸዋለች። በፊት ለፊቷ ዞሬ፣ እያየችኝ መጥቼ ካጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ሰጠችኝ። ነገ ሰኞ ነው።