የፀጉር ክኒን

ፀጉር ሰሪዋ የአንዲት መምህርት ደንበኛዋን ፀጉር በማድረቂያ አጋምሳ ሳለ የራሷ ታላቅ እህት የሳሎኑን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባለች። ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ሻርፗን አወለቀች፤ መሀል አናቷ ላይ ፀጉሯ ሳስቶ ቆዳዋ ይታያል።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?" አለች ፀጉር ሰሪዋ ማድረቂያውን አጥፍታ።

"ተቆጣኝ። ባለፈው የእንቅርት መድኃኒቴን የቀነሰው፣ የደም ምርመራው በዝቶባታል ስላለው ነበር። ዛሬ በብርድ ስንቀጠቀጥ ሲያየኝ ግራ ገባውና ሌላ ምን ትወስጃለሽ አለኝ። ምንም አልኩት። ቦርሳዬን ስከፍት ይቺን አየ።"

የፀጉር ቪታሚን ብልቃጥ ናት፤ እዚሁ መስታወቱ ስር ከተደረደሩት አንዷ። "ተአምር ነው" ብላ የሰጠቻት ራሷ ፀጉር ሰሪዋ ነበረች።

"በብዛት ሲወሰድ ምርመራውን ያሳስታል አለኝ። መድኃኒቱ ሳይበዛብኝ የበዛብኝ ያስመስላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኔ በሽታዬን ተናግሬ ክኒኔን ደበቅኩ። የፀጉር ነገር ለሐኪም ይነገራል ብዬ መች አሰብኩ? አሁን ክኒኑን አቁመሽ እንደገና ተመርመሪ ብሎኛል።"

የፀጉር ሰሪዋ ደም ፈላ። የእህቷ መድኃኒት ሲቀነስ ፀጉሯ ይባሱኑ ረገፈ፤ ፀጉሯ ሲረግፍ ክኒኑን እጥፍ አድርጋ ዋጠች። እጥፍ አድርጊው ያሏት ደግሞ የሳሎኑ ባለቤት ማዳም ናቸው።

ማዳም ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል።

"ቪታሚን እኮ ነው ልጄ። ቢተርፍ በሽንት ይወጣል።"

"መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ ብለው ጠይቀዋት ነበር?" አለች ፀጉር ሰሪዋ።

"እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?"

"ሁለት ሁለት ዋጪ ሲሏትስ ምን ነበሩ?"

"የበላሽበትን ወጪት ባትሰብሪ ይሻልሻል" አሉ ማዳም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ተይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራሽን ታጫለሽ" አለች እህቷ።

"አንቺ ዝም በይ!" አለቻት ፀጉር ሰሪዋ።

ቁጣዋ ማን ላይ ማረፍ እንዳለበት እንኳ ጠፍቷታል። ማዳምን ጠላቻቸው። "ተአምር ነው" ያለውን የራሷን አንደበትም ጠላችው።

ይሄኔ ማዳም ወደ መምህርቷ ዞረው ፈገግ አሉ። "የእርስዎም የፀጉር ቪታሚን ተዘጋጅቷል። ስጫቸው እንጂ አንቺ፤ ደንበኛ አታስጠብቂ።"

ፀጉር ሰሪዋ አንዷን ብልቃጥ አነሳች። ማዳም በዓይናቸው ጠበቋት። በመስታወቱ ውስጥ መምህርቷን አየቻት።

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለቻት።

"የልብ አለኝ። ለምርመራ ደም የምሰጠውም ዓርብ ነው።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ።" ብልቃጡን መለሰችው።

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" አሉ ማዳም።

"እሺ" አለች ፀጉር ሰሪዋ። ማድረቂያውን አበራችና እርጥብ የቀረውን የመምህርቷን ግማሽ ፀጉር ማድረቅ ቀጠለች።