በግራው በኩል

እኛ ጁዶ ቤት የአሰልጣኝ ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። አዲስ ሠልጣኞች በሚመዘገቡበት ቀን አሰልጣኞቹ ምንጣፉ ላይ ይቆሙና የመጡበትን መንገድ በአፋቸው ይናገራሉ። ልጁን የሚሰጠኝ ወላጅ ወረቀት ሳይሆን ሰው አይቶ ይሂድ ብዬ ያወጣሁት ደንብ ነው። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ደንቡ ላልጣመው በሩ ክፍት ነው።

ጉማሬ የምንለው ዋና አሰልጣኛችን ታሪኩ አጭር ነበር። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከም አድጎ፣ ጁዶ ጀምሮ፣ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ማስተማር ዞረ። ሰው መሸከም ከጆንያ ይቀላል፣ ሰው ቢያንስ ያግዛል እያለ ወላጆቹን ያስቃል። መርፌ የምንላት ሌላዋ አሰልጣኛችን ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። የተቀደደ የጁዶ ልብስ ልትጠግን መጥታ፣ እንዴት እንደሚቀደድ ልይ ብላ ምንጣፉ ላይ ወጣች፤ በዚያው ቀረች።

ካለፈው ዓመት ወዲህ መርፌ ከጉማሬ ግራ ጎን አልለይ አለች። ሲያስተምር በግራው፣ መንገድ ሲሻገር በግራው። ሠልጣኞቹ መጠቃቀስ ጀመሩ፤ እኔም ነገሩ ገባኝ ብዬ በሆዴ ሰርጋቸውን ደገስኩ። ግን ፍቅርና ሥራ አንድ ምንጣፍ ላይ አይሆኑም ባይ ነኝና እሱን ጠዋት፣ እሷን ከሰዓት መደብኳቸው። ጉማሬ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። መርፌ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና እሱን አይታ ተወችው።

በመጀመሪያው ጠዋት በሩ ጋ ቆሜ እመለከት ነበር። ጉማሬ አንገት አያያዝ እያሳየ ነው፤ የተያዘችው ሠልጣኛችን ዳቦ ሻጯ ናት። በእኛ ሥራ፣ በቃኝ ያለ ሰው ምንጣፉን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ የያዘውም ወዲያው ይለቀዋል። ልጅቷ በግራው በኩል መታች። አልለቀቃትም። ሌሎቹ ዙሪያውን እየወደቁ ምንጣፉን ስለሚያስጮኹት ድምፁም አልተለየም። እንደገና መታች። እኔ ልጮህ ስል መርፌ ከየት መጣች ሳልል ትከሻውን በጥፊ አለችው። ለካ ከሰዓት ብመድባትም ጠዋት መተላለፊያው ላይ ቆማ ኖሯል።

ሲለቃት ልጅቷ ሳል ሳል አድርጋ ሳቀች። ጉማሬ አልሳቀም። ቀበቶውን ፈትቶ ቢሮዬ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

"እትዬ፣ ግራ ዓይኔ አያይም" አለኝ። "ዓመት ሆነው። ከዚህ ቤት ሌላ መሄጃ የለኝም ብዬ ደበቅኩ። ዛሬ ግን ሰው ላጠፋ ነበር።"

መርፌ ያወቀችው ልብሱን ስትለካው ነው። ስፒል ወደ ግራ ዓይኑ ብታስጠጋ አልበረገገም። ለማንም እንዳትናገር ለመናት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በኩል ያለውን ሁሉ እሷ ታይለት ነበር።

ዓይንህስ ታመመ፣ አፍህን ምን ያዘው ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ አለቀስኩ። ይህን ግዙፍ ሰውዬ እወደዋለሁ፤ ደብቆኝም እወደዋለሁ። ቀበቶውን መለስኩለት፤ ግን ከእንግዲህ የተያዘ ሰው ምንጣፉን ሳይሆን የያዘውን ሰው ገላ ይመታል፤ ገላ ዓይን አያስፈልገውም። ደግሞም በምዝገባ ቀን ዓይኑን ለወላጆች ራሱ ይነግራል። አንፈልግህም ካሉት እኔም ላስቀረው አልችልም።

ቀኑ ደረሰ። ጉማሬ ስለ ጆንያው ሲያወራ ወላጆቹ ሳቁ። ስለ ዓይኑና ምንጣፉን እየመታች ሳይለቃት ስለቆየችው ሠልጣኝ ሲናገር ሳቁ ቆመ። አንዲት እናት ልጇን እጁን ይዛ ወጣች። ጉማሬ በሩን አየና አቀረቀረ። ያኔ ዳቦ ሻጯ ብድግ ብላ፣ ያን ቀን የተያዘችው እሷ መሆኗን፣ ነገ ጠዋትም ከእሱ ጋር እንደምትሠለጥን ተናገረች። ኋላ የቆመ አንድ አባት ሴት ልጁን ወደ ምንጣፉ ገፋ አደረጋት። ሌሎቹም ከቦታቸው አልተነሱም።

እኔም ተነፈስኩ። ያኔ ነው መርፌ በግራው እንደሌለች ያስተዋልኩት። በቀኙ ቆማለች። ጠጋ ብዬ ምነው ቦታ ቀየርሽ አልኳት።

"ዓመት ሙሉ በማያየኝ በኩል ቆምኩ፣ እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ደግሞ ይየኝ።"

ጆሮው ደህና ነው፤ ሰማት። ዞሮ አያት።