ባሕሩ ይለቀዋል

በዚያች የኖርዌይ ደሴት ማዞር ለያዘው ሰው የሚያዝን የለም። ዓሣ አጥማጅ ከሳምንታት ባሕር በኋላ የብስ ሲረግጥ መሬቱ ይወዛወዝበታል፤ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወደ ቤቱ ሲወጣ ወደብ ላይ የቆመው ሁሉ ይስቅበታል። "ባሕሩ ገና አልለቀቀህም!" ይሉታል። ተኝቶ ሲነሣ ይለቀዋል። ለስንት ትውልድ እውነት ሆኖ የኖረ ነገር ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም።

ስለዚህ ሃልቫር አንድ ማለዳ ከአልጋው ወርዶ ግድግዳውን እየተደገፈ "ቤቱ ዞረብኝ" ሲል ሚስቱ ኦድኒ ሳቀችበት።

"ዕድሜህን ባሕር ላይ ጨርሰህ ዛሬም እንደ ጀማሪ?"

"አትሳቂ አንቺ ሴትዮ! ባልዲ አምጪልኝ።"

አስመለሰው። አስተኛችው፤ መጋረጃውንም ዘጋችለት። "ባሕሩ ይለቅሃል" አለችው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ጉንቫልድ ብቅ አለና በር ላይ ቆሞ ያሾፍበት ጀመር።

"ተነሥ እንጂ አንተ! እኔንም ባለፈው ክረምት እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። የጆሮ ጠጠር ነው፣ ጆሮህ ውስጥ ያለች ደቃቅ ጠጠር ቦታዋን ስታ ነው ብላ የክሊኒኩ ዶክተር አንገቴን እንደ ጠርሙስ ክዳን ጠምዝዛ አዳነችኝ።"

ሦስቱም ሳቁ። ሃልቫር ውሃ እየጠጣ ስለነበር ትን አለውና በአፍንጫው ወጣ። ኦድኒ አፉን ጠረገችለት እንጂ ምንም አላሰበችም።

በማግስቱ ግን ቆሞ መሄድ አቃተው፤ ድምፁም ጎረነነ። በጉንቫልድ መኪና ክሊኒክ ወሰዱት።

ዶክተር ራግንፍሪ ረጋ ብላ ነበር የጀመረችው። "ማዞር አብዛኛውን ጊዜ የከፋ ነገር አይደለም" አለች። "እዚህ የሚመጣው ሰው ወይ የጆሮ ጠጠር ነው፣ ወይ ጉንፋን የጆሮውን ነርቭ ነክቶት ነው፣ ወይ ሲነሣ የደም ግፊቱ ይወርድበታል፣ ወይ የሚወስደው መድኃኒት ነው።" ኦድኒ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ዶክተሯ ግፊቱን ለካች። ጣቷን ወዲያ ወዲህ እያደረገች በዓይኑ እንዲከተላት አደረገች። ከዚያ "በጣትዎ አፍንጫዎን ይንኩ" አለችው። የሃልቫር ጣት አፍንጫውን ስቶ ጉንጩን ወጋ። ይድገሙት አለችው፤ አሁንም ሳተ። የዶክተሯ ፈገግታ ጠፋ።

"ከባሕር የተመለሰው መቼ ነው?"

ኦድኒ ልትመልስ ስትል ነገሩ ትዝ አላት። ጀልባው ለጥገና መጋዘን ከገባ ወር አልፎታል። ሃልቫር ወር ሙሉ ባሕር አልነካም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ራሷ "ቤት ውስጥ ተገተርክብኝ" እያለች ስትነዘንዘው ነው የከረመችው። ታዲያ የቱ ባሕር ነው የሚለቀው?

"ቆይቷል" አለች በቀስታ።

ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። "ስትሮክ ይመስለኛል፤ ሚዛን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ላይ ደም ረግቶበታል። ሄሊኮፕተር እጠራለሁ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ አንጎል ውስጥ ደም አፍስሶ ሊገድል ይችላል። መቼ ነው የጀመረው?"

ኦድኒ "አሁን" ማለት አማራት። "ዛሬ ጠዋት" ማለት አማራት። ውሸቷ ልትገድለው ትችላለች፤ እውነቷም መድኃኒቱን ታስቀርበታለች።

"ትናንት ማለዳ።"

ዶክተሯ አልወቀሰቻትም፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ወደ ስልኩ ሄደች፤ ስታወራም ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል አላነሣችም። ነበር ባይሰበር ይላል ሰው። "ትናንት ስስቅ ምነው ምላሴን በቆረጠው" አለች ኦድኒ በልቧ።

ተመልሳ ገባች። ሃልቫር ክፍሉ እንዳይዞርበት ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል።

"ምን አለችሽ?"

"ጆሮህ ነው አለች።"

"እሰይ! እኔማ የምሞት መስሎኝ ነበር።" እጇን ፍለጋ እጁን ዘረጋ፤ ባዶ አየር ሲጨብጥ ያዘችለት። ጆሮህ ነው፣ ጆሮህ ነው እያለች ጣቶቹን ታሻሽለት ጀመር።

ሄሊኮፕተሩ ጣራው ላይ ሲያጓራ ተሰማ። ለጆሮ ሕመም ሄሊኮፕተር እንደማይጠራ በዚያች ደሴት ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሃልቫር ዓይኑን ገልጦ አያት።