መሃሉን ይለኩ

በእኔ ግቢ በር ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰፈርተኛው «የብርሃነሽ እልህ» እያለ ሲያላግጥበት ኖሯል። እልህ ነው፤ አልካድኩም። በሩ ላይ የተጋደመው ባሕር ዛፍ እኔ በወጣትነቴ የዘለልኩት ከፍታ ነው። ሊለካው የሚገባው ሰው ሳይለካው ቀረ።

ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ትቼ ጢቾ ገበያ ገብስ ስሸጥ፣ አንድ የወረዳ ስፖርት ሰው አጥር ስዘል አየኝ። ከፍታ ዝላይ የጀመርኩት በዚያ ነው። ፍራሽ የሚባል አልነበረም፤ የምንወድቀው ገለባ በጠቀጠቅንበት ጆንያ ላይ ነው። አርሲ ውስጥ እግር ያለው ሁሉ ይሩጥ ይባላል። እኔን «ፌንጣዋ» ይሉኝ ነበር። ይበሉ። ሦስት ዓመት ተከታትዬ አንደኛ ወጣሁ።

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት የዞኑ ውድድር አሰላ ላይ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣ የክለብ ሰው፣ አንድ ሜትር ከሰባ ለምትዘል ሴት ደሞዝም ማደሪያም አለ ብሎ ነበር። ከእኔ ጋር የነበሩት ሁሉ ስልሳ ላይ ቀሩ። እኔ አንድ ሰባ ስቀሉልኝ አልኩ። የቋሚው ምልክት በዝናብ ተፋቆ ስለነበር፣ የሚዘለለው እንጨት በግምት ይሰቀልና በኋላ በሜትር ይለካል። ሁለቴ ጣልኩት። በሦስተኛው አለፍኩ፤ ንቅንቅ አላለም።

ሜትሩን የያዘው ጋሽ በእውቀቱ የሚባል ዳኛ ነበር። ልክ በዚያች ቅጽበት የአሥር ሺህ ሜትር ሯጮች ወደ መጨረሻው ዙር ገቡ፣ ሜዳው በጩኸት ተናጠ። ጋሽ በእውቀቱ ሜትሩን ኪሱ ከቶ ወደዚያው ሄደ። አልተመለሰም።

እኔ እንጨቱን ማንም እንዳይነካው ቆሜ ጠበቅሁ። ሰው ወጥቶ አለቀ። ከዲሮ የሚባለው ዘበኛ ቁልፉን ይዞ መጣና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መዝጋቴ ነው» አለኝ። ከአጥሩ ሸምበቆ ነቅዬ መሃሉ ላይ፣ እንጨቱ ዝቅ በሚልበት፣ አቁሜ በምላጭ ምልክት አደረግሁበት። በማግስቱ ቢሮ ድረስ ይዤው ብሄድ ጋሽ በእውቀቱ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል፣ ያልተለካ ዝላይ የለም አለኝ። የክለቡ ሰው አንዲት ሯጭ ይዞ ተመለሰ። በዓመቱ ጉልበቴ ጆንያው ላይ ተቀጨ፣ በዚያው ቀረሁ።

ሳገባ፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ በሩን በሸምበቆው ልክ ሠራልኝ። ሸምበቆውን ምስጥ በላው። እኔም በሶ መሸጥ ያዝኩ። የሚገዙኝ ሯጮች ናቸው። እነሱም ጎንበስ ብለው ይገባሉ።

ባለፈው ጥር ለልጄ ለትንቢት ሽማግሌ መጣላት። ያስላከው ኤፊ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ልጁም ጥሩ ነው፣ እሷም ትወደዋለች። ሦስት ሽማግሌዎች በበሩ ገቡ። የፊተኛው ባርኔጣው እንጨቱን ገጭቶ ወደቀ። ሲያነሳው ፊቱን አየሁት። የኤፊ አጎት ለካ ጋሽ በእውቀቱ ኖሯል።

እንደ ወጉ ቆመው፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ። እኔም ለእናንተ መልስ ከመስጠቴ በፊት የኔ ዕዳ ይከፈል ብዬ የአናጢ ሜትር አወጣሁ። ለጋሽ በእውቀቱ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። አላስታወሰኝም። የዚያን ቀን አሥር ሺህ ማን እንዳሸነፈ ግን ከነሰዓቱ ነገረኝ። ትንቢት በመስኮት እያየች ታለቅሳለች። አንደኛው ሽማግሌ ዛሬ የዚህ ቀን አይደለም ብሎ ሊያበርደኝ ሞከረ። ሜትሩን ወደ ጋሽ በእውቀቱ ዘርግቼ ቆምኩ።

ጋሽ በእውቀቱ ተነጫንጮ ተቀበለኝ። ሄደና ቋሚው ጥግ ላይ ለካ።

«አንድ ሜትር ከሰባ። በቃ፣ እውነትሽን ነው።»

«ከፍታ የሚለካው መሃል ላይ ነው። ዳኛው እርስዎ ነዎት፣ እኔ ላስተምርዎት? መሃሉን ይለኩ።»

መሃል ላይ ለካ። ደጋግሞ አየው። እንጨቱ በስንት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ጎብጧል። አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት ሆነ። ያ ሁሉ ዓመት ሰው ሲያጎነብስበት የኖረው የኔ ከፍታ አልነበረም። መጀመሪያውኑ ሲጋደም ቀጥ ያለ ይሁን የጎበጠ አላውቅም፤ ሸምበቆው የለ፣ ማመሳከሪያ የለኝ።

«አንድ ሰባ ብዬ ልጻፍልሽ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያውቃል።»

ያን ጊዜ ነው በጣም የመረረኝ። ያኔ የነፈገኝን ዛሬ ሊመጸውተኝ።

«ያዩትን ይጻፉ፤» አልኩት። «ከታች ደግሞ በጊዜው አልለካሁም ብለው ይፈርሙ።»

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ፣ ፈረመ። ሁለቱም ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ። ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ።

«አሁን ተቀመጡ፣» አልኳቸው። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። ያን እንጨት ራሴ አውርጄ ፈለጥኩት፣ የበሶውን ገብስ ቆላሁበት።