ሽማግሌዎችን ያቆመው ዋይፋይ

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም።

እህቴን ማህሌትን ለኪሩቤል ሊጠይቁ የመጡት ሦስት ነበሩ። ፊት የቆሙት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከጎናቸው ጎረቤታችን ሐጂ ዓብዱላሂ። ሦስተኛው ከማሳል ሌላ ምንም ስላልተናገሩ ስማቸውን እስካሁን አላውቅም። ባጃጅ አጥተው ከተቀጣጠሩበት ከጊደር መጋላ ገበያ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት።

«ኧረ ተቀመጡ!» አለ አባቴ፣ ባባ።

«ጉዳያችን ሳያልቅማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው፣ አቶ ሙሉጌታ።»

ኪሩቤል እዚሁ አቅራቢያችን ሶፊ የሚባል ወረዳ የተመደበ መምህር ነው፤ አገሩ ደብረ ብርሃን። ባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁን አይቼዋለሁ፤ ጨዋ ይመስላል። ግን ያሳደገውን ሰው ሳላናግር ቃል አልሰጥም።»

«ያሳደጉት አያቱ እማማ የሺ ናቸው። እግራቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ጆሯቸውም ከብዷል፤ ከንፈር እያዩ ነው የሚሰሙት። ለዚህ ነው ይህን ይዘን የመጣነው» ብለው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከካፖርታቸው ታብሌት አወጡ። ኪሩቤል የሰጣቸው ነው። ጥጉ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

ባባ ደስ አለው። ኢንተርኔት ካስገባን ወዲህ ለእንግዳ የሚያስጎበኘው ያንን ባለ አንቴና የዋይፋይ ሳጥን ነው። «ቤዚ! አገናኚላቸው። የኛ እንደሆነ ይከንፋል!»

ፈለግሁ። ታብሌቱ ከሚያሳያቸው ዋይፋዮች ውስጥ የእኛ ስም የለም።

«ባባ፣ አያየውም።»

«እንዴት አያየውም? ሳጥኑ እዚህ ተገትሮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ይረጫል፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። አዲስ ስልክ ፈጣኑን ይይዛል። የድሮ ዕቃ ግን የሚያውቀው ዘገምተኛውን ብቻ ነው፤ ፈጣኑ አናቱ ላይ ቢጨፍርም አይታየውም። ባባ ደግሞ «ለፈጣን ከፍዬ ቀርፋፋ ነገር ቤቴ አይገባም» ብሎ ዘገምተኛውን አስጠፍቶታል።

ሌላ መላማ ነበር፤ የማህሌት ስልክ አዲስ ነው። ችግሩ፣ ሳጥኑ ከገባ ጀምሮ ማህሌት በዚያ ስልክ በየእሁዱ ከእማማ የሺ ጋር ስታወራ ኖራለች። ባባ የሚያውቀው ኪሩቤል አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን አይቷት፣ ወዷት፣ ሽማግሌ እንደላከ ብቻ ነው። ከጀርባው የተወራ ነገር እንዳለ ከሰማ ሽማግሌዎቹን ወደ መጡበት፣ ማህሌትን ደግሞ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ነው የሚሸኛቸው። ማህሌት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና እጇን አንገቷ ላይ እንደ ቢላ አሳለፈችብኝ። ገባኝ፤ ስልኳ ከተከፈተ የእሁዶቹ ጥሪዎች ተደርድረው ይታያሉ።

«ባባ፣ ዘገምተኛውን እናብራው።»

«በእኔ ቤት?»

«ታብሌቱ እኮ አርጅቷል። ሽማግሌን ሩጥ ትለዋለህ?»

«ወላሂ እውነቷን ነው!» ብለው ሐጂ ዓብዱላሂ ሳቁ፤ ክብደታቸውንም ከግራ እግራቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«በእናታችሁ ተቀመጡ» አለች እማዬ።

«መልስ ሳናገኝ?» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ቡፌውን ተደግፈው። ሦስተኛው ሰውዬ አሳሉ።

ባባ ተሸነፈ። ካሜራው የማይሠራውን ላፕቶፕ ከፍቼ የሳጥኑን ገጽ ሳወጣ የይለፍ ቃሉን በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ጽጌሬዳ። እማዬ ግን ሥራዬ ነው የምትባለው። ጽጌሬዳ ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ዘገምተኛውን አበራሁት፤ ታብሌቱም ትንሽ አሰብ አድርጎ ስማችንን አወጣ። ደወልን።

እማማ የሺ በቁርጥራጭ መጡ፤ መጀመሪያ ሻሻቸው፣ ቆይቶ አገጫቸው። ማህሌት ተጠራች። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ሰው አይታ የማታውቅ መስላ ቀረበች። ትወናዋ ያስቀናል።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። «ምነው ማሂዬ፣ ዛሬ እንዲህ የተቆራረጥሽብኝ? እሁድ እሁድ ስትደውዪ ጥርት ብለሽ አልነበር የምትታዪኝ?»

ሳሉ እንኳ ቆመ።

«እሁድ እሁድ?» አለ ባባ። ጆሮው ቀልቷል።

እማማ የሺ ከንፈሩን አዩ። «አባትየው ነዎት? እንደምን ዋሉ! ይህች ልጅ ባትኖር እኔ ከአልጋ ላይ አልተርፍም ነበር። እግርሽ እንዴት ነው፣ መድኃኒት ዋጥሽ ወይ፣ ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት። የወለድኳቸው መቼ ደወሉልኝ! እንዲህ አርገው ያሳደጓት እርስዎ ነዎት አይደል?»

ባባ አፉን ከፈተ። አይደለሁም ይበል? ማህሌትን አያት። ይህን ጊዜ ትወናውን ትታ የምሯን ታለቅስ ነበር፤ ንፍጧ ሳይቀር። ባባ ታብሌቱን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። ጮክ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንዲያዩት። «እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ለልጅዎ ሰጥቻለሁ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና «ተቀመጡ በቃ!» አለ። ሦስቱም እኩል ወደቁበት፤ ሶፋው ጮኸ። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እማማ የሺም እዚያ ማዶ እልል ሲሉ አፋቸው ክፍት እንደሆነ ምስሉ ደረቀ።

ሲረጋጋ ባባ በክርኑ ነካ አደረገኝ። እኔም ማወቄን ነቅቶበታል፤ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

«በፈጣኑ ነበር የምታወራው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

ወደ ሐጂ ዓብዱላሂ ዞረ፤ ደረቱን ነፋ። «ሰሙ አይደል? ደብረ ብርሃን ድረስ ጥርት ይላል!»