ዐሥራ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ድንጋይ

እንኳየሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀው ድንጋይ ሲመጣ፣ እሱ ቁስቋም ካለው ቤቱ እግሩ አብጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ጋደም ካለ ትንፋሹ ይቆረጣል።

«መጣ!» አለች ሚስቱ አምሳል ከደጅ ሮጣ ገብታ። «ዳኛው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ! ሊሞት ነው ቢሉት የሙት ቂም ፈርቶ ነው። የነፍስ አባትህ አባ ወልደ ዮሐንስም አብረውት ናቸው።»

የእንኳየሁ ልብ ዘለለ።

ዳኛው የሚሉት የዛሪማ ባለጸጋ ነው። ጣልያን ከወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ በልጁ ሠርግ፣ እንኳየሁን ከመደብ አስነሥቶ «የአጋሰስ ነጂ ቦታው ከአጋሰሱ ጋር ነው» ብሎ ከበረቱ አፍ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጠላው በአፍንጫው እስኪወጣ የሳቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ እንኳየሁ የሚመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ ዳኛው ድንጋይ ተሸክሞ ከደጁ ሲቆም ማየት። ወጉ ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት ነው። እሱ ሦስቱን ሠላሳ ሊያደርገው ቋምጧል።

ባለፈው ሳምንት ግን ለሐኪሙ «ልቤስ ብርቱ ነው፤ እንደ ነጋሪት ይደልቃል» ብሎ ቢፎክር፣ ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

«በቅሎ ነድተዋል አሉ። ዳገት ላይ የዛለች በቅሎ ጅራፍ ሲያርፍባት ምን ታደርጋለች?»

«ትሮጣለች።»

«ከዚያስ?»

እንኳየሁ ሊማሊሞ ዳገት ላይ ዳማ በቅሎውን እንዲያ ገርፏት ነበር። ሸጋ አድርጋ ሮጠች፤ ከዚያ ወደቀች።

«የርስዎም ልብ ዝሏል። ሰውነትዎ መዛሉን ሲያውቅ፣ ነርቭ በሚሉት ቀጭን ክር ይገርፈዋል። የሚደልቀው ከጉልበት አይደለም፤ ከጅራፍ ነው። ቁጣና ፍርሃት ጅራፉን ያበረቱታል።»

«ስለ ክርስቶስ!» አሉ አሁን አባ ወልደ ዮሐንስ ከደጅ። «በድሎሃል፤ ማርልን ልጄ!»

«እምቢ!» አለ እንኳየሁ።

ጣፈጠው። ወዲያው ግን ያ ሩጫ ደረቱ ውስጥ ተነሣ፤ ድው ድው ድው፣ አንዱ ምት አንዱን እየረገጠ። ላብ አጠመቀው። ጣቶቹ በረዱ። ፈራ፤ መፍራቱ ራሱ ሌላ ጅራፍ ሆነበት፤ ይህን ሲያውቅ የባሰ ፈራ።

«ስለ እመቤታችን!»

ሁለተኛው እምቢ ከጉሮሮው ደረሰ። ያን ጊዜ ዳማዋ መጣችበት፤ ከመውደቋ በፊት ከአጋሰሱ ሁሉ ቀድማ ስትገሰግስ፣ ባለጭነቱ ነጋዴ «አቤት ጉልበቷ!» ሲል።

«አውርደው» አለ።

«ምን አልክ ልጄ?»

«ድንጋዩን አውርደው! ምሬሃለሁ! ኧረ አውርደው!»

ዳኛው ከነድንጋዩ ክው ብሎ ቀረ። «አያ እንኳየሁ፣ በወጉ ሳልለምንዎ? እኔ እኮ እስከ ማታ ያቆሙኛል ብዬ ስንቅ አስቋጥሬ ነበር የመጣሁ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ ዕንባቸውን ጠረጉ። «ይህ ነው ክርስቲያን!» አሉ። አምሳል እልል አለች።

ምን ክርስትና አለበት? ዐሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመውን ቂም፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠግበው፣ ነፍሱን ፈርቶ እንደ ዳገት ጭነት አራገፈው እንጂ። ይህ ለሳቁበት ዳግም መሳቂያ፣ ለዳኛው ደግሞ በነጻ የተገኘ ምርቃት ነው።

ድንጋዩ መሬት ላይ ዱብ አለ። ዳኛው ገብቶ ጉልበቱን ሳመ። እንኳየሁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሩጫው እስኪበርድ ጠበቀ፤ ጠበቀ። ጅራፉን የያዘው ሰውነቱ ግን የድንጋዩን መውረድ ገና አልሰማም ነበር፤ ልቡን መግረፉን አልተወም።